«ድኅረ ሊበራል» እና «የወል በጎ»፦ በአማርኛ ምን እንበላቸው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ
የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። አንዲት ተማሪዬ «ድኅረ ሊበራል የሚባለው አስተሳሰብ ሕገ መንግሥትን ይቀበላል ወይስ ይጥላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ገና መልስ ሳልሰጣት ቃላቱ አደናቀፉኝ። «ድኅረ» እዚህ ላይ «ጸረ» ማለት ነው? እነዚሁ ሰዎች በእንግሊዝኛ «common good» የሚሉትን «የጋራ ጥቅም» ብሎ መተርጎምስ ይበቃል?

መልስ፣ ከቢቸና
ልጄ፣ ግእዙ «ድኅረ» ሲል «በኋላ» ማለቱ ነው እንጂ «ተቃራኒ» ማለቱ አይደለም። ድኅረ ምረቃ የገባ ሰው የመጀመሪያ ዲግሪውን አልጣለም። («ድኅረ ገጽ»ን ግን ምሳሌ አታድርገው። ከድር የመጣ ስለሆነ ትክክሉ «ድረ ገጽ» ነው፤ ይህ ስሕተት ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።) ድኅረ ሊበራሎች የሚሉት ሊበራሊዝም፣ ማለትም የግለሰብን ነጻነት የሚያስቀድመው አስተሳሰብ፣ የራሱን መንገድ ጨርሶታል ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ምሁር ፓትሪክ ዲኒን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ ሊበራሊዝም የወደቀው ስለተሳካለት ነው ይላል፤ ሰውን ከማኅበሩ ነጥሎ ነጻ አወጣው፣ ብቻውንም አስቀረው።

የሚከብደው «የጋራ ጥቅም» ነው። «ጥቅም» ገበያ ገበያ ይሸታል። ሁለት ነጋዴዎችም የጋራ ጥቅም አላቸው፤ ትርፉን ተካፍለው ይለያያሉ። የሃርቫርዱ የሕግ መምህር ኤድሪያን ቨርሚዩል ሕገ መንግሥት በ«common good» መሠረት ይተርጎም ሲል ግን ተካፍለው የማይለያዩበትን ነገር ማለቱ ነው፤ ሰላምን፣ ፍትሕን። እኔ «የወል በጎ» እለዋለሁ። የእኛ አገር ገበሬ የወል ግጦሽ የሚለውን አስብ፤ እያንዳንዱ ድርሻዬን ቆርሼ ልረስ ካለ ግጦሽ የሚባል ነገር አይቀርም።

አስተያየት፣ ከዳንግላ
«ወል» ማለትዎን ወድጄዋለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እጠቀምበታለሁ። ግን የወሉን መስክ ማን ይከልለዋል? ቨርሚዩል እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጽሑፍ የዚህ አስተሳሰብ ዋና ዓላማ በሥልጣን መባለግን መቀነስ ሳይሆን ገዢው በመልካም ለመግዛት የሚያስፈልገውን ኃይል ማግኘቱ ነው ይላል። እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው። አያቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎና ጭብጦ በዋጋ አይገናኙም፤ ሆኖም ባለቤቱን የምታንገበግበው ጭብጦዋ ናት፤ ሳይጠየቅ፣ ሳይሟገት ተወስዳበታለችና። «ለበጎ ነው የወሰድኩት» ቢባልም ቁጭቱ አይበርድለትም።

መልስ፣ ከቢቸና
እውነት ብለሃል፤ ተረቱን እኔ አስቀድሜ ማንሣት ነበረብኝ። የተማሪዋ ጥያቄም እዚሁ «ሕገ መንግሥት» የሚለው ቃል ውስጥ ተቀምጧል። ሲፈታ «የመንግሥት ሕግ» ነው። መንግሥት የያዘው ሕግ ነው ወይስ መንግሥትን የያዘው? ዘርፉ፣ ማለትም ሁለቱን ቃላት በባለቤትነት የሚያያይዘው አነጋገር፣ ለሁለቱም ይመቻል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው ሰጡት፤ ያ ወደ ፊተኛው ፍቺ ያደላል። የ1987ቱ አንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የሀገሪቱ የበላይ ሕግ ያደርገዋል፤ ይህ ኋለኛው ነው።

ስለዚህ ለተማሪህ «አይጥሉትም» በላት። ቨርሚዩል ጽሑፉን ይዞ ይተረጉመዋል፤ ሲተረጉመው ግን ወደ ፊተኛው ፍቺ ያዘነብላል። እኔ ስለ ወሉ ከእርሱ ጋር ብስማማም፣ ስለ ሕጉ ከባለ ጭብጦው ጎን ነኝ።