ነገ ጠዋት እቁብ አለብኝ፣ እጄ ላይ 640 ብር ነው ያለው፤ ላቁም?

የሳምቡሳዋ (ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2012፣ ከምሽቱ 1:20)
ሰላም ጎበዝ። በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት የእቁብ ዳኛው ቤቴ ይመጣል። 500 ብር ነው። እጄ ላይ ያለው 640 ብቻ። ማክሰኞ ደግሞ የቤት ኪራይ 1,500 ብር ይደርሳል። እኔ ትምህርት ቤት በር ላይ ሳምቡሳ ነበር የምጠብሰው። ከመጋቢት 7 ወዲህ በሩ ተዘጋ፣ እኔም አብሬ ተዘጋሁ። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። ግማሽ ጫን ተብሎ አንድ ሰው ይዞ ድሬዳዋን ይዞራል። ባለንብረቱ ግን የቀን ገቢውን አንድ ብር አልቀነሰም። በሽታው እስኪያልፍ እቁቡን ላቁም ብል ያስኬዳል? ጎረቤቴ ዛሬ «ኮሮና ብር አተረፈልን» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

የከዚራ ልጅ (1:31)
አይዞሽ። አቁሚና ንገሪያቸው። በሽታ እኮ ነው፣ ማን ምን ይላል?

ሂሳብ በደብተር (1:44)
እህቴ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ወረርሽኝ ሁሉንም ቤት እኩል አይመታም። ደመወዝተኛ ቤት ገቢው እንዳለ ሆኖ ወጪው ይቀንሳል። የዕለት ገቢ ያለው ቤት ግን ገቢው ነው የሚቆረጠው። ወጪውን ልቀንስ ቢል ደግሞ ከምኑ ይቀንሳል? ኤርንስት ኤንግል የሚባል ጀርመናዊ በ1857 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ፣ ቤቱ ድሃ በሆነ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ድሃ ቤት ሲጎድልበት የሚነካው ከመሶቡ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የወር ወጪሽን በሦስት ዓምድ ከፍለሽ…

ወሪያ ድሬ (1:47)
አቦ ወሪያ! ሴትዮዋ የጠየቀችህ ለነገ ጠዋት ነው፣ አንተ 1857 ገብተሃል። ጀርመኑ እስኪደርስ ዳኛው በሩን ያንኳኳል።

እሙ ሳቢያን (1:52)
እህቴ፣ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። እቁቡን በልተሻል ወይስ አልበላሽም?

የሳምቡሳዋ (1:55)
በልቻለሁ። ታኅሣሥ ላይ ወጣልኝ፣ ፍሪጅ ገዛሁበት። 30 ሰው ነን፣ 8 ሳምንት ይቀራል። ምን ለውጥ አለው?

ያልደረሰው (1:58)
ለውጥማ አለው! እኔም ሌላ እቁብ ውስጥ ነኝ፣ ካልበሉት አንዱ ነኝ። የበላ ሰው «ኮሮና ነው፣ አቆምኩ» ሲል የሚያቆመው የእኔን ብር ነው። ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ሱሪ ነው የሸጥኩት። እኔስ ኮሮና የለብኝም? ይቅርታ አድርጊልኝና ያንቺ ችግር ኮሮና ሳይሆን ፍሪጁ ነው።

የከዚራ ልጅ (2:03)
እንግዲያው ፍሪጁን ሽጪው።

ዝም አይነቅዝም (2:06)
ልንገራችሁ፣ አትስደቡኝ። እኛ ቤት እውነትም ብር ተርፏል። ሁለታችንም የወር ደመወዝተኞች ነን። ምሳ ቤት ነው፣ ባጃጅ የለም፣ ማኪያቶ የለም። ከፋሲካ በኋላ ሦስት ሰርግ ነበረብን፣ ሦስቱም ቀረ። ጎረቤትሽ ክፋት አስባ አይመስለኝም። በርግጥ ልጆቹ ቤት ስለሚውሉ እንጀራ አልበረክት ብሏል፣ ቬንትሌተሩም ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ ከፊራ ገበያ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እንደ መድኃኒት ተወዷል። ግን ተርፏል።

ወሪያ ድሬ (2:09)
አቦ አንተ የተረፈህ ምሳ እኮ እሷ ያልሸጠችው ሳምቡሳ ነው። ያልተሳፈርክበት ባጃጅ የባሏ ነው። ቁጠባ አትበለው፣ አደራ በለው።

ዝም አይነቅዝም (2:15)
ይሄን አላሰብኩትም። ቀናችንን አበላሸኸው።

ሂሳብ በደብተር (2:17)
በትክክል! ያልኩት ይህንኑ ነው። የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ…

ጋሽ ምድር ባቡር (2:24)
ቦንሱዋር ልጆች። ለገሃሬ አድጌ ለገሃሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ 11 ዓመት የእቁብ ዳኛ ነበርኩ። ልጄ፣ ስሚኝ። እቁብ አይቆምም፣ ግን ይዘገያል። ዳኛው እስኪመጣ አትጠብቂ። ዛሬ ማታ ደውይለት። ዋስሽም አስቀድሞ ይወቅ፤ ዳኛ የሚቆጣው ብር ስላጣሽ ሳይሆን ዋስሽ ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው። እንዲህ በይው፦ «ዕዳዬን አልካድኩም። የቀሩት 8 ዕጣዎች በየሳምንቱ መሆናቸው ቀርቶ በየሁለት ሳምንቱ ይውጡ።» ያኔ ዕጣው ያው 15,000 ነው፣ ያልበላው ሰው አንድ ብር አይጎድልበትም። አንቺም 500ውን የምትፈልጊው በ14 ቀን ነው። 8 ሳምንቱ 16 ይሆናል፣ ሌላ የሚለወጥ የለም። ለነገ ደግሞ ባዶ እጅሽን አትቅረቢ፣ ግማሹን ያዢለት።

ያልደረሰው (2:30)
ጋሼ፣ ይሄንንስ እኔም እቀበላለሁ። ዕጣዬ ይዘግይ እንጂ አይጥፋ።

የከዚራ ልጅ (2:33)
ፍሪጁን ብትሸጠው ግን በአንዴ ትገላገላለች።

እሙ ሳቢያን (2:41)
አንተ ልጅ፣ ፍሪጁን ተወው! በሚያዝያ ድሬ ላይ ፍሪጅ ይሸጣል? እህቴ፣ ረመዳን ሚያዝያ 16 አካባቢ ይገባል። ዘንድሮ ሰው እንደ ድሮው መንገድ ላይ ቆሞ አይገዛም፣ ለአፍጥር ግን ሳምቡሳ የማይቀርብበት ቤት የለም። ሳይጠበስ ሽጪው። ሊጡን አሳስተሽ ምጣድ ላይ አንዴ ገልበጥ አድርጊው፣ እንዳይበስል፣ መልኩን ብቻ ይቀይር። ምስሩ ወይም ሥጋው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከሞላሽው ሊጡ ይረጥባል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ጠርዙን በዱቄትና ውኃ ለጥፊው። ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድረሽ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስገቢ፤ ሲጠነክር አሥር አሥሩን በፌስታል። ዘይቱና ከሰሉ የገዢው ነው፣ ላንቺ ወጪው ቀለለ። ይሄ «ብር ተረፈን» ያለችሽ ጎረቤትሽ የመጀመሪያ ደንበኛ ትሁን።

ዝም አይነቅዝም (2:44)
እኛም 30 እንወስዳለን። የጾም ይሁን፣ እስከ ፋሲካ። ሳቢያን ነን።

የጅቡቲ ናፋቂ (3:02)
እኛ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። እህቴ ጅቡቲ ሰው ቤት ትሠራለች፣ በየወሩ ትልክ ነበር። አሁን አሠሪዎቿ ቤት ቁጭ በይ ብለዋታል። እኛ እዚህ ሥራ አልፈታንም፣ አንድ ሱቅም አልዘጋንም፣ ግን ቤታችን ጎደለ። የት ሄጄ «ገቢዬ ቀነሰ» እላለሁ?

ወሪያ ድሬ (3:05)
አቦ አይዞን።

የሳምቡሳዋ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:10)
ዳኛው መጥቶ ሄደ። በሩ ላይ ቆመን ነው ያወራነው፣ እጅ እንኳ አልተጨባበጥንም። ሆሳዕና ነው ብዬ ቡና አፍልቼ ነበር፣ አልገባም አለ። 250 ተቀብሎ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ጻፈው። «እስክሪብቶ ዋስሽ ሲስማማ» አለኝ። የሁለት ሳምንቱን ነገር ሌሎችም ጠይቀውታል፣ እየዞርኩ አነጋግራለሁ ብሏል። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አሁን የቀረኝ 390 ነው። የኪራዩስ?

ሂሳብ በደብተር (ሰኞ፣ ከቀኑ 6:15)
ስለ ኪራዩ በአጭሩ። መጋቢት 30 የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለማስፈጸም የወጣው ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክላል። ዕዳውን ግን አልሰረዘም፣ ኪራዩ ይጠራቀምብሻል። ስለዚህ ደንቡን ይዘሽ ፊታቸው ላይ አታውለብልቢ።

ወሪያ ድሬ (6:20)
እዩት እንግዲህ! ጀርመን ሳይነካ መለሰ።

እሙ ሳቢያን (6:48)
አከራይሽ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያቸው። እሳቸውም የሚበሉት ከዚያች 1,500 ሊሆን ይችላል። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከፋሲካ በኋላ በያቸው። የባጃጁንም ነገር አትርሺ። ባልሽ ለባለንብረቱ በቁርጥ ሳይሆን ከተገኘው ላይ በድርሻ ይክፈል፤ እምቢ ካለ ቁልፉን ይመልስለትና ይሞክረው። አንድ ሰው ጭኖ የድሮውን ገቢ የሚያስገባ ሌላ ሹፌር ከየት ያመጣል?

ዝም አይነቅዝም (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12:30)
እህት፣ 30ውን የምስር ሳምቡሳ እየጠበቅን ነው። ስልኬን በውስጥ ልኬልሻለሁ።

የከዚራ ልጅ (ሚያዝያ 17፣ ከምሽቱ 12:05)
ለአፍጥር ሳይጠበስ የሚሸጥ ሳምቡሳ የሚያውቅ አለ? እዚህ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ፍሪጅ ያላት።