«ለክፉ ቀን» ስንል የትኛውን ቀን ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ። አያቴ ከጎታው ሥር የቀረችውን ጤፍ አታስነካንም። ቤት ውስጥ ዱቄት ቢያልቅ እንኳ «ተዉት፣ ለክፉ ቀን ይሁን» ነው መልሷ። ትናንት የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ «እማማ፣ ክፉ ቀን መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቃት። ያው ልጅ ስለሆነ እንደ ጥምቀት ቀን የተቆረጠለት መስሎታል። እኛ ስንስቅ እሷ አልሳቀችም። «መጥቶ ሄዷል» አለችው፤ ቀጥላም ወሬውን ቀየረች። ለመሆኑ ይሄ ሐረግ ተራ አነጋገር ነው ወይስ የአንድ ነገር ስም?

ፔዳ ግቢ፦ የችግር ጊዜ ማለት ነው። ምኑ ያከራክራል?

ዘጌ ማዶ፦ ያከራክራል እንጂ! አያትህ ትክክል ናቸው፣ መጥቶ ሄዷል። በታሪክ «ክፉ ቀን» የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ረሃብ ነው። ጣሊያኖች ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች ሳቢያ የከብት በሽታ ገባ፤ ከብቶቹ ከሕንድ የመጡ ነበሩ ይባላል። በሽታው ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ደጋውን ሁሉ አዳረሰ። ከመቶ ዘጠና ያህሉ ከብት አለቀ ተብሎ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ያው ታውቀዋለህ። በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተደረቡበት። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው ለሰው ያሳዩት ያኔ ነው። ከአገሩ ሕዝብ ሲሶው አለቀ የሚል ግምት እስካሁን ይጠቀሳል።

የእኛ አካባቢ ደግሞ በሽታው ሲደርስ ሙሉ ጎተራ አላገኘም። በጥር 1880 ደርቡሾች፣ የሱዳን መሐዲስቶች ማለት ነው፣ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውሃ ላይ ሰበሩት። ሳር ውሃ ደንቢያ ነው፣ ከጣና ሰሜን። ከዚያ ጎንደር ገብተው ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ፤ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው እየተባለ ይተረካል። ዓመት ሳይሞላ ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ለመቅጣት ጎጃም ገቡ፤ አገሩም ተመዘበረ። በመጋቢት 1881 መተማ ላይ እሳቸውም ወደቁ። እንግዲህ ጎጃሜው ደርቡሽን፣ የገዛ ንጉሠ ነገሥቱን ጦርና የከብቱን እልቂት በሁለት ዓመት ውስጥ አየ።

ቆሎ ተማሪ፦ ታሪኩ ልክ ነው፤ ቃሉን ግን ከረሃቡ ጋር አብራችሁ አታስወልዱት። ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የግዕዙ 40ኛው መዝሙር «እምዕለት እኪት ያድኅኖ እግዚአብሔር» ይላል። በአማርኛ «እግዚአብሔር በክፉ ቀን ያድነዋል» ሆኖ ተተርጉሟል። «እኪት» የ«እኩይ» አንስታይ ናት፣ ክፉ ማለት። ስለዚህ ሕዝቡ አዲስ ስም አላወጣም። በየዕለቱ በጸሎት «አውጣን» የሚለው ነገር በአካል ሲመጣ አወቀው፣ አለቀ።

ፔዳ ግቢ፦ እሺ ተረታሁ። ግን አንድ ነገር ግራ ይገባኛል። አምስት ዓመት የቆየ ነገር እንዴት «ቀን» ይባላል? «ክፉ ዘመን» መባል አልነበረበትም?

ቆሎ ተማሪ፦ «ቀን» በአማርኛ ሃያ አራት ሰዓት ብቻ አይደለም፣ ዕድልም ነው። ቀን ጣለው፣ ቀን ወጣለት፣ ቀን ጎደለበት እንላለን። «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ሲባል ቅሉ ድንጋይ የሚሰብረው ማክሰኞ ነው ወይ? «ዘመን» የነገሥታት ነው፣ ይቆጠራል። «ቀን» ግን በሰው ላይ ይወጣል፣ በሰው ላይ ይጨልማል። የ1977ቱን ረሃብ ተመልከት፣ «ሰባ ሰባት» ብለን በቁጥር ነው የምንጠራው። የፊተኛውን ግን ቁጥር አልሰጠነውም።

የከብት ሐኪም፦ ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። ዘጌ ማዶ «የከብት በሽታ» ብለህ ያለፍከው የራሱ ስም አለው። ስሙ «ደስታ» ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ምን? ደስታ? የሚያስደስተው?

የከብት ሐኪም፦ ራሱ ደስታ። ትምህርት ቤት መጀመሪያ ስሰማው አስተማሪው የቀለደ መስሎኝ ነበር። ከብቱ ያተኩሰዋል፣ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፣ አፉ ውስጥ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ይህንን ነው «ደስታ» ያሉት። እኔ የሚመስለኝ በደግ ስም ጠርቶ ማባበል ነው፣ ሰምቶ እንዳይቆጣ። የሌሎቹንም የከብት በሽታ ስሞች እዩአቸው፤ አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባ። ገዳዩን «አባ» ብለን ማዕረግ ሰጥተነዋል። በነገራችን ላይ ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታውጇል። የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው፣ የመጀመሪያው ፈንጣጣ ነው።

ዘጌ ማዶ፦ እንዴት ያለ ነገር አመጣህ! «አያ ጅቦ»ም ከዚሁ ዘር ነው እኮ። በእኛ አገር «አያ» የሚባለው ታላቅ ወንድም ነው። ተረት ላይ አህያዋ እንኳ ልትበላ ስትል በአክብሮት ነው የምትናገረው፣ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ትላለች። እኔ ይህን ከክፉ ቀን ጋር ሳላያይዘው አላልፍም። በዚያ ረሃብ ቀባሪ ጠፍቶ ጅብ ሬሳውን ብቻ ሳይሆን መቆም ያቃተውንም ሰው ይበላ ነበር። በየመንገዱ፣ በየደጃፉ። በጊዜው የነበሩ ጸሐፊዎች ሰው የሰው ሥጋ እስከ መብላት እንደ ደረሰም ጽፈዋል። ልጆች ሆነን «ጭራቅ መጣብህ» ሲሉን እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። አሁን ሳስበው፣ ጭራቅ ማለት ሌላ ምንም አይደለም፣ ሰው መስሎ ሰው የሚበላ ነው። ተረቱ ከረሃቡ በፊትም እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ከ1880ዎቹ በኋላ ግን ለልጁ ተረቱን የምትነግረው እናት ያየችው ነገር ነበረ።

ፔዳ ግቢ፦ ቡዳስ? «ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚባለው?

ዘጌ ማዶ፦ ይህንን በጥንቃቄ እንናገረው፣ አሁንም ሰው የሚጎዳ ቃል ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤልን «ቡዳ» ሲሏቸው ኖሩ። ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎችም ከመጠላት አልተረፉም። እነዚያም በክፉ ቀን እንደ ሌላው በረሃብ አልቀዋል፤ በጅብም ተበልተዋል። ጅቡ ማንን እንደሚበላ አልጠየቀም፤ ሰው ግን «ጅቡ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቆሎ ተማሪ፦ ለቃል ወዳጆች ደግሞ ግሱን ልብ በሉት። ቡዳ በላው፣ ጅብ በላው፣ እሳት በላው፣ ልፋቱን ውሃ በላው። በአማርኛ ጥፋት ሁሉ አፍ አለው። ጠፍቶ ዱካው ያልተገኘ ሰው ግን አይበላም፣ «የውሃ ሽታ ሆነ» ይባላል። ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህቺ አነጋገር ከሁሉም ትከብዳለች። ጅብ እንኳ ዱካ ይተዋል፤ ውሃ ምንም አይተውም።

ፔዳ ግቢ፦ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕስ ከወጣሁ አጥፉት። ሕዳር 12 የሚካኤል ዕለት ቆሻሻ ተቃጥሎ ሰፈሩ በጭስ ሲታፈን «ሕዳር ሲታጠን» እንላለን። ያም የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው፣ «የሕዳር በሽታ» የተባለው፣ ሌላው ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው። እዚህ ላይ «ሲታጠን» መባሉ ይገርመኛል። የሚቃጠለው ቆሻሻ ነው፣ ቃሉ ግን የዕጣን ነው።

የከብት ሐኪም፦ ከርዕስ አልወጣህም፣ ያው ማባበል ነው። ቆሻሻውን «ዕጣን»፣ ገዳዩን «አባ»፣ ጅቡን «አያ»፣ እልቂቱን «ደስታ»። እኔ ታዲያ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህ ሁሉ ለምላሱ የሚጠነቀቅ ሕዝብ ረሃቡን ለምን «ክፉ» ብሎ በግልጽ ጠራው?

ቆሎ ተማሪ፦ ስለ አለፈ ይሆናል። የሚመጣውን ታባብለዋለህ፣ ያለፈውን ምን ያደርገኛል ብለህ ትፈራዋለህ?

የሽምብጥ ልጅ፦ አያቴ ግን አልፏል ብላ የምታምን አይመስለኝም፣ አለበለዚያ ጤፏን ትለቅልን ነበር። አሁን፣ ይህንን እያነበብኩ፣ ማድ ቤት ገብቼ ጠየቅኋት። «እማማ፣ ድሮ ‹ደስታ› የሚባል የከብት በሽታ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና አለች። በመስኮቱ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በኩል ተመለከተች፣ መሽቷል። «እሱ ማታ አይጠራም» አለችኝ።

ነገ በቀን እጠይቃታለሁ።