የአንቲ ዲ ቲተር ከ8 ወደ 32 ዘለለብኝ፤ እውነት ጨምሮ ነው?

ጠያቂ (ደቡብ ወሎ)፦
ሰላም የላብ ሰዎች። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት አለችን። ኦ ኔጌቲቭ ናት፣ 24ኛ ሳምንቷ ነው። ኢንዳይሬክት ኩምብሷ፣ ማለትም በሴረሟ (ከደሟ በሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ ቀይ ሴልን የሚያጠቃ አንቲቦዲ የሚፈልገው ምርመራ፣ ፖዘቲቭ ነው። አንቲቦዲው አንቲ ዲ ነው፤ በፖዘቲቭ ደም ቀይ ሴል ላይ ያለውን ዲ አንቲጅን የሚያጠቃው። ባለፈው ወር ቲተሩ (ሴረሙ ስንት እጥፍ ተበርዞም ሴል እንደሚያጣብቅ የሚያሳየው ቁጥር) 8 ተብሎ ተመዝግቧል። ዛሬ በቱቦ ስሠራው እስከ 32 ሄደ። ያኔ የሠራው ሌላ ባልደረባ ነው፣ መሞከሪያው ቀይ ሴልም የሌላ ለጋሽ ነበር። ሐኪሙ «ጨምሯል ወይስ አልጨመረም?» እያለ ይጠብቀኛል። ሴትዮዋ ከተንታ ድረስ ነው የመጣችው፤ ነገ ተመለሽ ማለትም ከበደኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ጦሳ፦
አብሽሪ እህቴ። የባለፈው ወር ሴረም ፍሪዘር ውስጥ አለ? ካለ አውጪውና ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን ሥሪው። አንድ እጅ፣ አንድ ሴል፣ አንድ ሰዓት። እያንዳንዱ ቱቦ ሴረሙን በእጥፍ ያቀጥናል፤ የአንድ ቱቦ ልዩነት ከአሠራርም ይመጣል፣ ማንም ጭማሪ አይለውም። ከ8 እስከ 32 ግን ሁለት ቱቦ ነው። ጎን ለጎን ተሠርቶ እንዲህ ከወጣ የእውነት ጨምሯል። በተለያየ ወርና በተለያየ ሴል ከሆነ ግን አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም።

ኮምቦልቻ ላብ፦
ሴሉ ላይ እኔም ጥርጣሬ አለኝ። ኦ ፖዘቲቭ ሁሉ እኩል አይደለም፤ በቀይ ሴሉ ላይ ያለው የዲ አንቲጅን መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ብዙ ዲ ያለው ለጋሽ ከገጠመሽ ቲተሩ ከፍ ይላል።

ቲፕስ (የፒፔቱን ጫፍ) በየቱቦው ቀይረሻል? ከመጀመሪያው ቱቦ እስከ መጨረሻው በአንድ ቲፕ ከተወረደ ያልተበረዘው ሴረም አብሮ ይጓዝና ቲተሩን በሐሰት ያሳድገዋል። ስታቀጥኚ ቀይሪ። ወደ መሥሪያ ቱቦዎቹ ስታከፋፍዪ ግን ከቀጭኑ ጀምረሽ ወደ ወፍራሙ ከመጣሽ አንድ ቲፕ ይበቃሻል። ቲፕስ በሚቸግርበት ዘመን ይህችም ቀላል አይደለችም።

ያለፈው ውጤት በቱቦ ሳይሆን በጄል ካርድ (ጄል ባለበት ካርድ ላይ በሚሠራው ዘዴ) ተሠርቶ እንዳይሆንም አጣሪ። ጄል አብዛኛውን ጊዜ ከቱቦ ከፍ ያለ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ሁለቱን አታወዳድሪ።

ጠያቂ፦
ሁለቱም በቱቦ ነው፣ 37 ዲግሪ ላይ፣ በሳላይን። ቲፕስ ቀይሬያለሁ። ኔጌቲቭ የሆኑት ላይ ቼክ ሴል (ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጠውን ሴል) ጨምሬ ሁሉም ተጣብቀዋል። የድሮው ሴረም ግን የለም። መብራት ጠፍቶ ሲቆይ ፍሪዘሩ ቀለጠና ተጣለ።

ሐይቅ ዳር፦
በእርግዝናው ውስጥ የአንቲ ዲ መርፌ (እናትየዋ ራሷ አንቲቦዲውን እንዳትሠራ የሚሰጠውን) ወስዳለች? ከመርፌው የመጣ አንቲቦዲም ኩምብስን ፖዘቲቭ ያደርጋል። እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 አይዘልም፣ እየቀነሰም ነው የሚሄደው። 32 አይመስለኝም፣ ቢሆንም ካርዷን እይው።

ፓነል (አንቲቦዲው የቱ እንደሆነ የሚለይ የሴሎች ስብስብ) ከሌላችሁ ደግሞ ሴረሟን ከሁለት ሦስት ኦ ኔጌቲቭ ሴል ጋር ሞክሪው። እነሱም ከተጣበቁ ከዲ ሌላ አንቲቦዲ አብሮ አለ ማለት ነው።

ጠያቂ፦
መርፌ አልወሰደችም። ኦ ኔጌቲቩን ሞከርኩት፣ አልተጣበቀም።

ጡረተኛው የላብ ሰው፦
ልጄ፣ ሁሉም ልክ ብለዋል፤ ግን ጥያቄው ራሱ አልፎበታል። ለአንቲ ዲ ብዙ ላብራቶሪ ወሳኝ የሚለው መስመር 16 ወይም 32 ነው። ሴትዮዋ እዚያ ደርሳለች። ጨመረ አልጨመረ ብለሽ ብትከራከሪ ለሐኪሙ የሚለወጥ ነገር የለም። አሁን የሚያስፈልጋት በዶፕለር አልትራሳውንድ የፅንሱን የአንጎል ደም ሥር ፍጥነት ማየት ነው። ፅንሱ ደም ካነሰው ደሙ ቀጥኖ ይፈጥናል፣ በዚያ ነው የሚታወቀው። ቲተር ማን ዶፕለር እንደሚያስፈልገው ይነግርሻል እንጂ ፅንሱ እንዴት እንዳለ አይነግርሽም።

ስለ ቀድሞ ልጇም ጠይቋት። አገር ቤት ሾተላይ የሚሉት ደርሶባት ከነበረ፣ ቲተሩ 8ም ቢሆን ወደ ዶፕለር ነበር መላክ ያለባት።

ጦሳ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ። ግን ሪፖርቱ ላይ «ጨምሯል» ብላ እንዳትጽፍ።

ጡረተኛው የላብ ሰው፦
አትጽፍም። «አንቲ ዲ፣ ቲተር 32፣ በቱቦ ኢንዳይሬክት ኩምብስ፣ ከወሳኙ መጠን የደረሰ፤ ያለፈው ናሙና ስለሌለ ጎን ለጎን አልተወዳደረም» ብላ ትጻፍ። ወረቀቱን ልካ አትቀመጥ፣ ስልክም ትደውል። ሴትዮዋ እዚያው ደሴ እያለች ሪፈሩ ይጻፍላት፤ ተንታ ደርሶ መመለስ ቀልድ አይደለም።

ጠያቂ፦
ደወልኩለት ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ሊልካት ነው። የመጀመሪያ ልጇ ተወልዶ ቢጫ ሆኖ ነበር አለችኝ፣ እሱንም ነግሬዋለሁ። የዛሬውን ሴረም እንዴት ላስቀምጠው?

ኮምቦልቻ ላብ፦
ሦስት ትንንሽ ቱቦ ላይ ከፍለሽ፣ ቀንና ኮድ ጽፈሽ፣ ከዜሮ በታች 20 ላይ። ቀልጦ ደግሞ የሚበርድ ሴረም ይደክማል፣ ስለዚህ አንዱን ስታወጪ ሌሎቹ አይነኩ። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን እየከፈታችሁ አትዩት፤ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ክፍል ካለ አንዷን ቱቦ እዚያ አስቀምጪ።