ማስተማሬን ለደረጃ ዕድገት እንዴት ላስቆጥረው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሕክምና ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ላመለክት ብዬ ግራ ገብቶኛል። ፎርሙ የሚጠይቀው የታተመ ጥናትና ያመጣሁትን የምርምር ገንዘብ ነው። ታካሚ አልጋ አጠገብ ተማሪ ይዤ የምቆመው፣ ተማሪ ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ የሚፈተንበትን የኦስኪ የተግባር ፈተና ጣቢያዎች የማዘጋጀው፣ ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም (ሬዚደንት) የማማክረው ሁሉ «አገልግሎት» በምትል አንዲት መስመር ታጭቋል (እሷም ነጥብ አላት ከተባለ ነው)።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኧርነስት ቦየር በ1990 እ.ኤ.አ. ማስተማርም እንደ ምርምር ምሁራዊ ሥራ ነው ብሎ ከተከራከረ ወዲህ የማስተማር ፖርትፎሊዮ (የማስተማር ሥራን ከነማስረጃው የሚያሳይ ሰነድ) የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የኔ ችግር ማስረጃው ላይ ነው። የተማሪ ግምገማ ብቻውን አያሳምንም፣ ፈተና የማያከብድ መምህርም ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላላ! ባልደረባ ክፍል ገብቶ ቢታዘበኝስ? ያዘጋጀሁትን ሞጁል ሌላ ትምህርት ክፍል ቢጠቀምበት እንደ ኅትመት ይታይልኛል? ተማሪዎቼ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ያሳዩትን ለውጥ ባቀርብስ፣ ኮሚቴ ይሰማል?

በዚህ መንገድ ያደገ ሰው ካለ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ምን ምን እንዳስገባ፣ ስንት ገጽ እንደነበርም ጭምር ይንገረኝ። ብቻ «ወረቀት ጻፍ» እንዳትሉኝ፣ እሱን አለቃዬ በየቀኑ ይነግረኛል።