«ዕድሜውን ያባከነ ሰው»?

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስታናድደኝ አደረች። «ኦርሰን ዌልስ በ25 ዓመቱ ሲቲዝን ኬን የተባለውን ፊልም ሠርቶ የቀረ ዕድሜውን ያባከነ ሰው ነው» ትላለች፤ አሜሪካዊውን የፊልም ዳይሬክተር ማለቷ ነው። አባከነ? ሰውየው እስከሞተበት እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ነው የኖረው። ያባከኑትስ ስቱዲዮዎቹ ናቸው።

ጋሽ ተመልካች፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ቃሌን አላነሳም። በ1942 የአምበርሰንስ ፊልሙ ኤዲት ሳያልቅ ጥሎ ብራዚል ሄደ። በሩን ክፍት ትቶ የሄደ ሰው ማንን ይከሳል?

ኤዲተሯ፦ ጋሼ፣ «ጥሎ ሄደ» አይባልም። ጦርነት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከላቲን አሜሪካ ጋር መወዳጀት ፈልጎ ነው ፊልም ሥራልን ያለው። እሱ ሪዮ ላይ ካርኒቫል ሲቀርጽ፣ ስቱዲዮው አርኬኦ ከአምበርሰንስ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆረጠ። መጨረሻውንም በሌላ ሰው አስቀርጾ ቀየረው። የተቆረጠው ኔጋቲቭ (ኮፒ የሚወጣበት ዋናው ፊልም) እንኳ እንዲጠፋ ተደረገ። እኔ ኤዲቲንግ ክፍል ነው የምውለው። የቆረጥኩት ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ አለ፤ ዳይሬክተሩ ነገ መልሺው ካለኝ እመልሰዋለሁ። እሱ ምኑን ያስመልስ? ሆዴ ይባባል።

ጋሽ ተመልካች፦ ልጄ፣ የመጨረሻውን ኤዲት የመወሰን መብቱን በውል አሳልፎ የሰጠው እኮ ራሱ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ፈረመ ማለት አባከነ ማለት ነው? የሼክስፒርን ተውኔት ፊልም ያደረገበትን ኦቴሎን ይዩ። ፕሮዲውሰሩ ሲከስርበት በሰው ፊልም ላይ እየተወነ፣ ያገኘውን ይዞ ሞሮኮና ጣሊያን እየተመላለሰ ጨረሰው። የሞሮኮዋ ሞጋዶር ከተማ ላይ አልባሳቱ ሳይደርስ ቀረ። ተዋንያኑን ፎጣ አስታጥቆ አንዱን የግድያ ትዕይንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በእንፋሎት መሀል ቀረጸው። በ1952 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ።

የቴአትር ሰው፦ ኦቴሎ ካላችሁ፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን አማርኛ የሚያህል የለም።

ኤዲተሯ፦ ወንድሜ፣ ስለ ትርጉም ማን አወራ?

የቴአትር ሰው፦ እሺ፣ ሲቲዝን ኬንስ የሱ ብቻ ነው? የጸሐፊው የማንኪዊች ድርሰት አይደለም?

የፒያሳ ልጅ፦ የሁለቱም ነው። ከ9 እጩነት የተገኘችው አንዷ ኦስካር ለድርሰቱ ነበረች፤ በሁለቱም ስም ተሰጠች። ይልቅ ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ኤዲተሯ፦ ተች ኦፍ ኢቭል የተባለውን ፊልሙንም ስቱዲዮው እንደገና ኤዲት ሲያደርገው 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈላቸው። የመክፈቻው ሙዚቃ ይውጣ፣ የመንገዱ ድምፅ ይሰማ፣ ይህ ትዕይንት ከዚያኛው ይቅደም እያለ። ፊልሙ በ1958 ሲወጣ ብዙውን አልሰሙትም። በ1998 በዚያው ማስታወሻ መሠረት ተስተካከለ፤ እሱ ከሞተ 13 ዓመቱ። ዕድሜውን የሚያባክን ሰው 58 ገጽ ይጽፋል?

ጋሽ ተመልካች፦ ታታሪ አልነበረም አላልኩም። ግን ስንት ፊልም ጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ? ታታሪም ያባክናል።

የፒያሳ ልጅ፦ አሁንም «ያባክናል»! ጋሼ፣ ብሩን የከለከሉትን ሰዎች ስም አንዴ እንኳ አልጠሩም እኮ።

ጋሽ ተመልካች፦ እነሱ ነጋዴ ናቸው። እኔ የማዝነው በሱ ነው።