የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ንባብ ላይ ተገትሯል፤ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ። የአምስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ፕሮጀክታችን ሲሚንቶን በከፊል በባጋስ አመድ መተካት ነው። ባጋስ ማለት አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ነው፤ ስኳር ፋብሪካዎች ለቦይለር ያነዱታል። 10፣ 15 እና 20 በመቶ እየቀላቀልን የኮንክሪት ኪዩብ ሞልተናል። በ28ኛው ቀን ጥንካሬውን ለማየት እንሰብረዋለን። እስከዚህ ሰላም ነው።

የያዘኝ ንባቡ ነው። ላይብረሪያችን የቀድሞ ተማሪዎች ቴሲስ አለው፤ ግን ማውጣትም ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ትናንት አንዲት ሠንጠረዥ በእጄ ስገለብጥ መብራት ጠፋ። ግማሹ ቀረ። ጆርናሎቹ ደግሞ አብስትራክቱን ያስቀምሱህና ዶላር ይላሉ። ዶላር ከየት ይምጣ?

ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው የጆርናሎች ማንበቢያ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ተቋማት ነጻ ነው። ችግሩ የሚገባው በተቋም የይለፍ ቃል ነው። ላይብረሪያኗን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ አይሲቲ ጠይቅ» አሉኝ። አይሲቲ መልሶ ወደሳቸው ላከኝ።

የይለፍ ቃሉን ያገኛችሁ ከማን ነው? ተቋሙ ካልተመዘገበስ ማን ነው የሚያስመዘግበው? ሌላም አለ። አማካሪያችን የአመዱን ውጤት ከኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ሲ 618 (ኮንክሪት ውስጥ ለሚገባ አመድና መሰል ዱቄት የወጣ የአሜሪካ ስታንዳርድ) ጋር አወዳድሩ ብለውናል። ክፍል ኤን ለሚለው ምድብ የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ድምር ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሆን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ሰነዱን ግን በዓይኔ አላየሁም። ሳይገዙ ቁጭ ብሎ የሚነበብበት ቦታ አለ?