የአሮጌ ፖርሽ ቸርኬ ቆርጬ ላሰፋው ነው፤ ምን ትላላችሁ?

ጠያቂ፦ ባለ አሮጌዋ

ሰላም ወገኖች። የ1980 ፖርሽ 911 ኤስሲ አለችኝ። ቸርኬዎቿ የፋብሪካው ባለ 15 ኢንች ናቸው፤ እነዚያ ዙሪያቸውን መስኮት መስኮት ያላቸው፣ «ኩኪ ካተር» የሚባሉት። የፊቶቹ ስፋት 6 ኢንች፣ የኋላዎቹ 7 ነው። መልካቸውን ስለምወደው መቀየር አልፈልግም። ችግሩ የኋላው ፓራፋንጎ ሰፊ ነው፤ ቸርኬው ውስጥ ገብቶ ተደብቋል።

ቶርኖ ያለው ጓደኛ አለኝ። ያሰብነው መሀሉን ቆርጠን አውጥተን አዲስ ሰፊ የአልሙኒየም በርሜል (ጎማው የሚቀመጥበት ዙሪያ) ላይ መግጠም ነው። በዚያው ሁለት ክፍል ያለው ቸርኬ ይሆናል። የኋላውን 9 ኢንች ላድርገው? በብየዳ ይሻላል ወይስ በብሎን? አየርስ አያፈስም?

መልስ፦ ሚሊሜትር

9 ከማለትህ በፊት እርሳስና ወረቀት አምጣ።

የኋላው 7 ኢንች ቸርኬህ ኦፍሴቱ 23.3 ሚሊሜትር ነው። ሞዞው (ቸርኬው መኪናዋ ላይ የሚታሰርበት) ላይ የሚያርፈው ፊት ከቸርኬው ወርድ እኩሌታ በዚያ ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። ጭማሪውን በሙሉ ወደ ውጭ ካደረግከው ኦፍሴቱ በጭማሪው ግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 8 ኢንች ላይ 10.6 ይሆናል፤ 9 ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች ወርዶ -2.1።

ፋብሪካውም ሌላውን የፖርሽ ቸርኬ፣ ፉክስ የሚባለውን፣ ያሰፋው በዚሁ መንገድ ነው። ባለ 15 ኢንቹ በ6 ስፋት ኦፍሴቱ 36፣ በ7 ስፋት 23.3፣ በ8 ስፋት 10.6 ነው። በየደረጃው 12.7 ይቀንሳል። የውስጥ ጠርዙ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የወጣው የውጭው ብቻ ነው።

ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ብለህ ለምሳሌ 9 ኢንች በኦፍሴት 15 ካሰራህ ቸርኬው ከአሁኑ 33.7 ሚሊሜትር ወደ ውጭ፣ 17.1 ወደ ውስጥ ይሄዳል። ውስጥ ያን ያህል ቦታ አለህ? ስትለካ መኪናዋ በራሷ ክብደት መሬት ላይ ትቁም። ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ የተለካ ልክ አይታመንም፤ ጎማው ሲወርድ ዘንበል ይላል።

ሌላው፣ የቸርኬ ስፋት የሚለካው ጎማው ከሚቀመጥበት እስከ ሚቀመጥበት እንጂ ከጠርዝ ጠርዝ አይደለም። ሜትር ዳር ለዳር ዘርግተህ 8 አገኘሁ ካልክ በእጅህ ያለው 7 ነው።

መልስ፦ የቶርኖ ሰው

ሒሳቡን ሚሊሜትር ጨርሶታል። እኔ ስለ ቆረጣው ላውራ።

መጀመሪያ ቀለሙን ሙልጭ አድርገህ አውልቅ፤ ከዚያ ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀለም ቀብተህ መርምር። ከአርባ ዓመት በላይ መንገድ የመታ ቀልጦ የተቀዳ አልሙኒየም ነው። በብሎን ቀዳዳዎቹና በመስኮቶቹ ማዕዘን ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ካየህ፣ ያ ቸርኬ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ቶርኖ ላይ ስታስር መነሻህ ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊትና የመሀሉ ቀዳዳ ይሁኑ። በአሮጌው የውጭ ጠርዝ አትመካ፤ ስንት ጉድጓድ እንደመታው ማን ያውቃል? ያንን ፊት ራሱን ደግሞ አትንካው።

ያንተ ቸርኬ ዋናው ጣጣ መስኮቶቹ ናቸው። ከመስኮቱ ጫፍ እስከ በርሜሉ ያለው ሥጋ ጠባብ ነው። እኔ የምሄድበት ልክ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ መሀል እስከ ብረቱ ጠርዝ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢቻል ሁለት እጥፍ ነው። ለ8 ሚሊሜትር ብሎን ከ12 እስከ 16 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። መስኮቶቹ መካከል ባለው ድልድይ ላይ ካልተገኘ ሐሳቡን ተወው። ደግሞ ሸክሙን ብሎኑ ብቻ እንዲሸከም አታድርግ። መሀሉ በርሜሉ ላይ በተቆረጠ ደረጃ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይግባ፤ የብሎኑ ሥራ አጣብቆ መያዝ ብቻ ነው።

አየርን በተመለከተ የበርሜሉ ዓይነት ይወስነዋል። በርሜሉ አንድ ወጥ ሆኖ መሀሉ የሚታሰርበት ቀለበት ከአየሩ ክፍል ውጭ ከሆነ፣ ብሎኖቹ አየር የሚባል ነገር አይነኩም። በርሜሉ ራሱ ከሁለት ግማሽ ሲገጣጠም ግን መጋጠሚያው ጎማው ውስጥ ይቀራል፤ ዙሪያውን ሲሊኮን ይፈልጋል። አንድ ወጡን ምረጥ።

መልስ፦ ብየዳ አልፈራም

እኔ በብየዳ ሰርቻለሁ፣ ቆንጆ ነው የወጣው። ብሎን ለጌጥ ነው።

መልስ፦ የቶርኖ ሰው

ወንድሜ፣ ሙቀት ሰጥተኸዋል ወይ? ለቸርኬ በርሜል የተለመደው 6061 አልሙኒየም ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ሕክምና ነው። ስትበይደው ከብየዳው አጠገብ ያለው ጥንካሬ ወደ ግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ለመመለስ 530 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ 175 ዲግሪ ገደማ ላይ 8 ሰዓት ያህል ይቆያል። ይህ ሁሉ ሲሆን ይጣመማል፣ እንደገና ቶርኖ ይገባል። ይህን ያደረገ ሰው አክብሬ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ያላደረገ ኋላው እንዳልነዳ ብቻ ይንገረኝ።

መልስ፦ ብየዳ አልፈራም

ሙቀት አልሰጠሁትም። እውነቱን ለመናገር አንዱ ጎማ በየሳምንቱ ይተነፍስብኛል፤ እስካሁን በቫልቩ ሳመካኝ ነበር። ነገ አወልቀዋለሁ።

መልስ፦ እትዬ ጎማ

ወንዶች ብረቱን ይዛችሁ ጎማውን ረሳችሁት። በ15 ኢንች ሰፊ ጎማ እንደልብ አይገኝም። መጀመሪያ ጎማውን አግኝ፣ ከዚያ ቸርኬውን ቁረጥ። 225/50 የሚባለው የጎማ ልክ የተፈቀደለት ከ6 እስከ 8 ኢንች ቸርኬ ነው። 9 ላይ ብትወጥረው ግድግዳው ተለጥጦ ጠርዙ ራቁቱን ይቀራል፤ ጉድጓድ ስትመታ ቀድሞ የሚቀምሰው እሱ ነው። በዚያ ላይ ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል።

የተቆረጠ ቸርኬን የመኪና ምርመራ ይቀበል እንደሆነም አስቀድመህ ጠይቅ። ፋብሪካ የሠራው ቸርኬ በመታጠፍ ድካም፣ በክብደትና በምት ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ያንተን የሚፈትንልህ የለም።

ጠያቂ፦ ባለ አሮጌዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ መኪናዋን መሬት ላይ አቁሜ ለካሁ። ውስጥ ያለኝ ክፍተት 12 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ 17.1 ከየት ይመጣል? ስለዚህ 8 ኢንች፣ ኦፍሴት 10.6፣ በብሎን፣ አንድ ወጥ በርሜል። የመስኮቶቹ ድልድይ ላይ ለቀዳዳው ከየአቅጣጫው 14 ሚሊሜትር ይደርሰኛል። አንዱ ቸርኬ ስንጥቅ ተገኝቶበታል፤ ምትክ እየፈለግኩ ነው።

መልስ፦ የቶርኖ ሰው

14 ይሄዳል። ገጥመህ ስትጨርስ ጎማ ሳታስገባ ዲያል ጌጅ (መወላገድን የሚያሳይ መለኪያ) አስደግፈህ አዙረው። ወደ ጎንም ወደ ላይም ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከተወላገደ እኔ ፈትቼ እንደገና እገጥማለሁ። መኪናዋ ላይ ሲታሰር 130 ኒውተን ሜትር ነው፤ ጥቂት ከነዳህ በኋላ በቁልፍ መልሰህ አረጋግጥ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከጀርባው በፋብሪካ የተጻፈው 7 ኢንች እንዳለ ይቀራል። በርሜሉ ላይ 8ንና አዲሱን ኦፍሴት ቀጥቅጠህ ጻፍበት፤ ነገ መኪናዋን የሚገዛ ሰው በ7 ልክ ጎማ እንዳይገዛባት።